ከርሊንግ ምንድን ነው? በረዶ የሌላት አገር በወንዶች የወርቅ ሜዳሊያ የወሰደችበት ስፖርት፣ ከጅግጅጋ ሆነን ስናየው

ቪዲዮው ስልካችሁ ላይ አልፎ ያውቃል አይደል? አንድ ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ እጀታ ያለው ክብ ድንጋይ በረዶ ላይ ያንሸራትታል። ሁለት ሰዎች ከድንጋዩ ፊት ፊት እየሮጡ ወለሉን በመጥረጊያ ይፈትጋሉ። ከወዲያ ጫፍ አንዱ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮኻል። ኮሜንቱ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፦ «እናቴ ይህን ብታይ ወለል እንድጠርግላት ወደ ኦሎምፒክ ትልከኝ ነበር።»

ቀልዱ ጥሩ ነው። ከቀልዱ ጀርባ ግን ለኛ የሚሆን ጉዳይ አለ። በየካቲት 2025 ፊሊፒንስ፣ ማለትም ከጅግጅጋ በላይ የምትሞቅ አገር፣ በእስያ የክረምት ጨዋታዎች በወንዶች ከርሊንግ ወርቅ ወሰደች። እንዴት? የሚለውን ነው ዛሬ የምናየው። ስለ ስፖርቱ ምንም የማታውቁ ከሆነ ችግር የለም፣ ከዜሮ እንጀምራለን።

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአዋጆቹ ዓመት ብቻ በኛ ነው።)

በአጭሩ

• ስፖርቱ፦ ከርሊንግ
• የተጫዋች ብዛት፦ በአንድ ቡድን 4
• ድንጋዩ፦ ግራናይት፣ ከ17 እስከ 20 ኪሎ ገደማ
• ሜዳው፦ 45 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ እስከ 5 ሜትር ወርድ ያለው በረዶ
• የትውልድ አገር፦ ስኮትላንድ
• በኦሎምፒክ፦ በ1924፣ ከዚያ ከ1998 ጀምሮ ያለማቋረጥ
• በዓለም ሻምፒዮና ላይ ኢትዮጵያ፦ ተወዳድራ አታውቅም

ጨዋታው እንዴት ነው የሚካሄደው?

በረዶው ጫፍ ላይ ትልቅ ክብ ተስሏል። ስፋቱ ዳር እስከ ዳር 3 ሜትር ከ66 ሳንቲም ነው። በውስጡ ሌሎች ክቦች አሉ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ነጥብ አለ። ክቡን «ቤት» ይሉታል። ሥራው በቃ ይሄ ነው፦ ድንጋይህን ከተጋጣሚህ ድንጋይ ይልቅ ለመሃሉ ነጥብ ማስጠጋት።

እያንዳንዱ ተጫዋች በአንድ ዙር ሁለት ድንጋይ ይወረውራል። አራት ሰው በሁለት ድንጋይ 8 ነው፣ ሁለቱ ቡድኖች ሲደመሩ 16። ሁለቱ ቡድኖች በየተራ ይወረውራሉ። 16ቱ ሲያልቁ ይቆጠራል። ነጥብ የሚያገኘው አንድ ቡድን ብቻ ነው። ለምሳሌ ለመሃሉ በጣም የቀረቡት ሁለት ድንጋዮች ቀይ ከሆኑና ሦስተኛው ቢጫ ከሆነ፣ ቀይ 2 ነጥብ ያገኛል፣ ቢጫ ምንም። በትልልቅ ውድድሮች እንዲህ ያለ 10 ዙር ይጫወታሉ።

«ወረወረ» ስንል በአየር ላይ ማለት አይደለም። ተጫዋቹ ድንጋዩን ይዞ ይንሸራተታል፣ ከተወሰነ መስመር በፊት ይለቀዋል። ሲለቀው እጀታውን ትንሽ ያዞረዋል። በዚህች መዞር የተነሳ ድንጋዩ በጉዞው መጨረሻ ወደ ጎን ይታጠፋል። የተጋጣሚን ድንጋይ ዞሮ ከኋላው መደበቅ የሚቻለው በዚህ ነው።

ዋናው ጭንቅላት የቡድኑ አምበል ነው። ወዲያ ማዶ ክቡ ጋ ቆሞ የት እንደሚጣል፣ ስንት ኃይል እንደሚያስፈልግ፣ መቼ እንደሚጠረግ ያዛል። የሚጮኸው ሰውዬ እሱ ነው።

ታዲያ ለምን ይጠርጋሉ?

ቆሻሻ ለማጽዳት አይደለም። የከርሊንግ በረዶ እንደ መስታወት ለስላሳ አይደለም። ከጨዋታው በፊት ላዩ ላይ የውሃ ጠብታ ይረጭበታል፣ ጠብታው ሲቀዘቅዝ ትናንሽ ጉብታዎች ይሠራል። ድንጋዩ የሚሄደው በነዚህ ጉብታዎች ጫፍ ላይ ነው። በመጥረጊያው አጥብቀህ ስትፈትግ በረዶው ትንሽ ይሞቃል፣ ሰበቃው ይቀንሳል። ውጤቱ ሁለት ነው፦ ድንጋዩ ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ ደግሞም ቀጥ ይላል።

ስለዚህ ጠራጊዎቹ ድንጋዩ ከእጅ ከወጣም በኋላ አቅጣጫውንና ርቀቱን ማስተካከል ይችላሉ። ኳስ ከተመታ በኋላ እግር ሳይነካት መንገዷን የምታስተካክልበት ስፖርት ታውቃላችሁ? እንግዲህ ልዩ የሚያደርገው ይሄ ነው። ድንጋዩን ራሱን በመጥረጊያ መንካት ግን ክልክል ነው።

ሻሕ የሚጫወት ሰው ቶሎ ይገባዋል

ከርሊንግን «የበረዶ ላይ ቼዝ» ይሉታል። በኛ አካባቢ ከቼዝ ይልቅ ሻሕ ይሻላል። ጥላ ሥር መሬት ላይ ተስሎ፣ እያንዳንዱ ሰው 12 ጠጠር ይዞ በ24 ነጥቦች ላይ የሚደረድርበት የሶማሊ ጨዋታ ማለቴ ነው። ሻሕ ላይ ጎበዝ የሚባለው ጠጠር ቶሎ የሚበላው አይደለም። ገና ሲደረደር ከአምስት እርምጃ በኋላ የሚሆነውን የሚያየው ነው።

ከርሊንግም እንደዚያው። በዙሩ መጨረሻ የመጨረሻውን ድንጋይ መወርወር ትልቅ ጥቅም ነው፣ «መዶሻ» ይሉታል። መዶሻውን የሚይዘው ባለፈው ዙር ነጥብ ያላገኘው ቡድን ነው። በዙሩ ማንም ነጥብ ካላገኘ ግን መዶሻው ከያዘው ጋር ይቆያል። ስለዚህ አንዳንዴ መዶሻውን የያዘው ቡድን 1 ነጥብ ከመውሰድ ይልቅ ሆን ብሎ ክቡን ባዶ ያደርጋል። ለምን? በሚቀጥለው ዙር 2 ለመውሰድ ነዋ! ሻሕ ተጫዋች አባቶቻችን ይህን ቢያዩ ወዲያው ነበር የሚገባቸው።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። በከርሊንግ ጥፋት ያጠፋ ተጫዋች ራሱ እንዲናገር ይጠበቃል። የሚንቀሳቀስ ድንጋይ በመጥረጊያው ከነካ «ነክቻለሁ» ይላል። ማሸነፍ እንደማይችል ያወቀ ቡድን ደግሞ ጨዋታው ሳያልቅ እጁን ዘርግቶ ተጋጣሚውን ይጨብጣል። ይሄ እንደ ሽሽት አይታይም፣ ጨዋነት ነው።

ከየት መጣ?

ስኮትላንድ ውስጥ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሰዎች በቀዘቀዙ ኩሬዎች ላይ ድንጋይ ያንሸራትቱ ነበር። ከፔዝሊ ገዳም የተገኘ የ1541 ጽሑፍ እንዲህ ያለ ፉክክር ይጠቅሳል። ስኮትላንዳውያን ሲሰደዱ ጨዋታውን ይዘው ወደ ካናዳ ሄዱ፣ ዛሬ የስፖርቱ ኃያል አገር ካናዳ ነች። የኦሎምፒክ ድንጋዮች የሚሠሩበት ግራናይት እስካሁን ድረስ የሚመጣው ኤልሳ ክሬግ ከምትባል የስኮትላንድ ትንሽ ደሴት ነው።

የወንዶች የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1959 ሲሆን ያኔ ስኮትላንድና ካናዳ ብቻ ነበሩ። የአውሮፓ ሻምፒዮና በ1975 ተከተለ። በ1924 ሻሞኒ ላይ የተካሄደው የኦሎምፒክ ከርሊንግ ደግሞ ይፋዊ የሜዳሊያ ውድድር መሆኑ የተረጋገጠው በ2006 ነው። አዎ፣ ከ82 ዓመት በኋላ!

«አህጉራዊ ሻምፒዮና» ሲባል ምን ማለት ነው?

በእግር ኳስ አፍሪካ የራሷ ዋንጫ አላት። በከርሊንግ ግን የለም፣ ምክንያቱም ተጫዋች አገሮቹ ጥቂት ናቸው። ለብዙ ዓመት የአውሮፓ ሻምፒዮና ለብቻው፣ የእስያና ፓስፊክ ሻምፒዮና ለብቻው፣ የአሜሪካዎቹ ማጣሪያም ለብቻው ነበር። በ2022 የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተዋሕደው ከአውሮፓ ውጪ ያሉትን አገሮች ሁሉ የሚያገናኝ አንድ ሻምፒዮና ተመሠረተ። የመጀመሪያው ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ተካሄደ። በወንዶች ካናዳ አሸነፈች። የአፍሪካ አገሮችም የሚመደቡት በዚሁ ውስጥ ነው።

ሲመሠረት የነበረው አደረጃጀት ቀላል ነው። ጠንካራዎቹ በአንደኛው ምድብ፣ አዳዲሶቹ በሁለተኛው ምድብ ይጫወታሉ። ከላይኛው ምድብ ጥሩ ውጤት ያመጡት ወደ ዓለም ሻምፒዮና ይሄዳሉ። ከታችኛው ምድብ ያሸነፈው በሚቀጥለው ዓመት ወደ ላይ ይወጣል። ማለትም ማንም አዲስ አገር ከታች ጀምሮ መውጣት ይችላል።

የወጣም አለ። ጉያና፣ በደቡብ አሜሪካ የምትገኝ ሞቃት አገር፣ በ2022 በታችኛው የወንዶች ምድብ አሸንፋ በ2023 ከነካናዳና ከነደቡብ ኮሪያ ጋር በላይኛው ምድብ ተሰልፋለች። ላይ ስትደርስ እንዳልሆነ ሆናለች፣ እሱን አንደብቅም። ተጫዋቾቿ በካናዳ የሚኖሩ ትውልደ ጉያናውያን ናቸው።

ከአፍሪካስ? በ2018 የዓለም ከርሊንግ ማኅበርን በመቀላቀል ናይጄሪያ የመጀመሪያዋ ሆነች። በሚቀጥለው ዓመትም ኖርዌይ ላይ በተካሄደው የጥንዶች፣ ማለትም አንድ ወንድና አንድ ሴት የሚጫወቱበት፣ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ተሰለፈች።

የፊሊፒንስ ወርቅ

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ። በየካቲት 2025 በቻይናዋ ሃርቢን ከተማ የእስያ የክረምት ጨዋታዎች ተካሄዱ። በወንዶች ከርሊንግ የሚፎካከሩት እነማን እንደሆኑ ሁሉም ያውቅ ነበር፦ ቻይና፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ጃፓን። ፊሊፒንስን ከቁጥር ያስገባት አልነበረም።

ፊሊፒንስ በግማሽ ፍጻሜ ባለሜዳዋን ቻይናን ጣለች። በፍጻሜው ደቡብ ኮሪያን 5 ለ 3 አሸነፈች። በእስያ የክረምት ጨዋታዎች ታሪክ ፊሊፒንስ ያገኘችው የመጀመሪያ ሜዳሊያ ነው፣ እሱም ወርቅ።

ቡድኑን ማነው የሠራው? ማርክ ፊስተርና ወንድሙ ኤንሪኮ ፊስተር፣ ክርስቲያን ሃለር፣ አለን ፍራይ፣ ቤንጆ ደላርሜንቴ። አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ ያደጉ፣ በእናት ወይም በአባት ፊሊፒናዊ የሆኑ ናቸው። ፊስተሮቹ ቀድሞ በስዊዘርላንድ ከርሊንግ ውስጥ ስም የነበራቸው ተጫዋቾች ናቸው። አለን ፍራይ ግን ነጋዴ ሰው ነው፣ ከርሊንግ የጀመረው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ነው።

ማለትም ፊሊፒንስ በረዶ አልሠራችም። በረዶ ባለበት አገር ያሉ ልጆቿን ነው የሰበሰበችው።

እኛስ? ቦርሌንጌን አስታውሱ

«ሶማሊና በረዶ ምን አገናኛቸው» ለሚል መልሱ ስዊድን ነው። ቦርሌንጌ በምትባል የስዊድን ከተማ ብዙ የሶማሊያ ስደተኞች ይኖራሉ። በ2013 እዚያ የሶማሊያ የባንዲ ብሔራዊ ቡድን ተመሠረተ። ባንዲ ማለት በእግር ኳስ ሜዳ ስፋት ባለው በረዶ ላይ፣ በበረዶ ጫማ፣ 11 ለ 11 ሆነው ኳስ በዱላ የሚጫወቱበት ስፖርት ነው።

ልጆቹ ከዚያ በፊት የበረዶ ጫማ አድርገው አያውቁም። መቆም ነው መጀመሪያ የተማሩት። ጥቂት ወራት ተለማምደው በጥር 2014 ሩሲያ፣ ኢርኩትስክ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ገቡ። የመጀመሪያ ጨዋታቸውን በጀርመን 22 ለ 0 ተሸነፉ። ተመልካቹ ግን ወደዳቸው። ሶማሊያ ጎል ስታገባ የተሰማው ጭብጨባ ለዋንጫ የሚደረግ ይመስል ነበር። በ2015 ስለነሱ የተሠራ ዘጋቢ ፊልምም ወጣ።

የነሱ ዓላማ ሜዳሊያ አልነበረም። ከተማው ውስጥ በነባሩና በመጤው መሃል የነበረውን ቅዝቃዜ መስበር ነበር። በዚህ ከታየ ያሸነፉት ነገር አለ።

ከኢትዮጵያ ደግሞ ሮቤል ተክለማርያም አለ። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፣ እዚያ በበረዶ ላይ ሸርተቴ አደገ። በ2006 ቱሪን ላይ ባንዲራችንን ይዞ ገባ፣ በክረምት ኦሎምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሶ ተወዳደረ። ዝግጁ ሆኖ የጠበቀው ፌዴሬሽን አልነበረም፣ ራሱ ነው ለማቋቋም የተሯሯጠው።

ትልቁ እንቅፋት በረዶ አይደለም፣ ፓስፖርት ነው

እዚህ ጋ ረጋ ብለን እናስብ። ትልቅ የሶማሊና የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ያለበት የአሜሪካ ግዛት የቱ ነው? ሚኒሶታ። በአሜሪካ የከርሊንግ እምብርት የሚባለው ግዛትስ? እሱም ሚኒሶታ ነው። በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ ለአሜሪካ የመጀመሪያውን የከርሊንግ ወርቅ ያመጣው የጆን ሹስተር ቡድን መሠረቱ ዱሉት፣ ሚኒሶታ ነበር። በቶሮንቶም፣ በኤድመንተንም፣ በኦስሎም ዘመድ የሌለው የጅግጅጋ ሰው ማግኘት ይከብዳል። እነዚህ ሁሉ የከርሊንግ ሜዳ ያላቸው ከተሞች ናቸው።

ስለዚህ «ልጅ የለንም» አይባልም። ጥያቄው ልጁ በማን ስም ይጫወታል የሚለው ነው። በኦሎምፒክ ቻርተር መሠረት ተወዳዳሪ የሚወክለው አገር ዜጋ መሆን አለበት። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ቢጫ ካርዱ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ያለ ቪዛ ለመግባት፣ ለመሥራትና ለመኖር ይጠቅማል። ዜግነት ግን አይሰጥም። ስለዚህ በቢጫ ካርድ ብሔራዊ ማሊያ አይለበስም።

ፊሊፒንስ በ2003 ባወጣችው ሕግ በትውልድ ፊሊፒናዊ የሆነ ሰው የውጭ ዜግነት ቢወስድም የመጀመሪያውን መልሶ መያዝ ይችላል። የሃርቢን ወርቅ ሜዳ ላይ ቢገኝም መንገዱ የተጠረገው በሕግ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የጥምር ዜግነት ጉዳይ ከስፖርት በላይ ነው፣ የምርጫና የጸጥታ ክርክርም አለበት። የምትደግፉም የምትቃወሙም ትኖራላችሁ። ግን «ለምን የኛ ልጆች ለሌላ አገር ይጫወታሉ» ብለን ስንናደድ፣ አንዳንዴ ምርጫው የልጁ ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ጥሩ ነው።

እዚህ ሆነን ምን ይቻላል?

ጅግጅጋ የከርሊንግ በረዶ የለም፣ ቢሠራም የመብራቱን ሂሳብ አስቡት። ጉዳዩ ግን እዚያ አያልቅም።

1. የወለል ከርሊንግ፦ ከሥሩ ጎማ ወይም ኩሽኔታ ያለው ቀላል «ድንጋይ» በማንኛውም ለስላሳ ወለል ላይ ይጫወቱበታል። የትምህርት ቤት አዳራሽ ይበቃል። በካናዳ ትምህርት ቤቶች ልጆች የሚጀምሩት በዚህ ነው። መጥረግ የለበትም፣ ስሌቱ ግን ያው ነው።

2. የዊልቸር ከርሊንግ፦ ከ2006 ጀምሮ የፓራሊምፒክ ስፖርት ነው። ጠራጊ የለም፣ ድንጋዩ በዘንግ ይገፋል። የወለል ላይ ዓይነቱም ከመጀመሪያው የተሠራው አካል ጉዳተኛና ጉዳት አልባ ሰዎች አብረው እንዲጫወቱት ነው። ስፖርት ስንል ኳስ ብቻ በሚታሰብበት ከተማ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

3. ፔታንክ፦ ይሄ ደግሞ ጎረቤታችን ነው። ከሽንሌ በአይሻ፣ በደወሌ በኩል ባቡሩን ተከትላችሁ ጅቡቲ ስትገቡ፣ አመሻሽ ላይ የብረት ኳስ የሚወረውሩ ሰዎች ታያላችሁ። ፈረንሳዮች የተዉት ጨዋታ ነው። ከ6 እስከ 10 ሜትር ርቀት ላይ ትንሽ የእንጨት ኳስ ትቀመጣለች፣ ብረቱን ለእሷ ያስጠጋ ነጥብ ያገኛል፣ 13 የሞላ ያሸንፋል። የተጋጣሚን ኳስ መትቶ ማባረር አለ፣ መከለል አለ። አስተሳሰቡ የከርሊንግ ወንድም ነው። የሚፈልገው አፈር ሜዳና ጥቂት የብረት ኳሶች ብቻ ነው፣ አፈር ደግሞ ከቶጎ ውጫሌ እስከ ቀብሪበያህ ሞልቶናል።

ማጠቃለያ

ነገ ጠዋት የሶማሌ ክልል የወንዶች ከርሊንግ ሻምፒዮና አይጀመርም። እሱን ለማለትም አልጻፍኩትም። ግን ከፊሊፒንስ፣ ከጉያናና ከቦርሌንጌ የምናየው አንድ ነገር አለ፦ አዲስ ስፖርት የሚጀምረው አዳራሽ ስላለ ሳይሆን፣ ሰው ስለተሰበሰበ ነው። ሰው ደግሞ አለን። ግማሹ እዚህ ጥላ ሥር ሻሕ ይጫወታል፣ ግማሹ ሚኒሶታ በረዶ ይጠርጋል፣ ለጊዜው ከበሩ ደጃፍ ላይ ነው እንጂ።

ውጭ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ከርሊንግ ሞክራችሁ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልን። እዚህ ያላችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ቪዲዮው ስልካችሁ ላይ ሲመጣ «ወለል ጠራጊዎቹ መጡ» ከማለታችሁ በፊት መዶሻውን የያዘው ማን እንደሆነ እዩ።